የግራጫው አባያ ኪስ

ሲራጅ የዳንግላን ሙስሊም ሴቶች ልክ በሙሉ ያውቃል፤ አንዳቸውንም ግን ለክቶ አያውቅም። ነገሩ ግራ ከገባችሁ ላስረዳችሁ። በእትዬ ይታይሽ ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ የሚሠራው ይህ ልጅ ሜትሩን አንገቱ ላይ ቢያንጠለጥልም ወደ ሴት ገላ አያስጠጋውም። አዲስ ልብስ የምታሰፋ ሴት ልኳ የሆነ አንድ የቆየ ልብሷን በፌስታል ይዛለት ትመጣለች። እሱ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል፤ ትከሻውን፣ እጅጌውን፣ ቁመቱን ለክቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ልብሱንም እዚያው አጥፎ ይመልሳል። የትኛዋ እንደወፈረች ከባሏ ቀድሞ የሚያውቀው ሲራጅ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን የሰው ልብስ አይቶ ወሬ አውጥቶ አያውቅም፤ የሚታመነውም ለዚህ ነው።

እትዬ ይታይሽ ክርስቲያን ናቸው። ሙስሊም ሴት ጨርቅ ስትመርጥ ምን እንደምትፈልግ ግን ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ነጋዴ በከተማው የለም። ደንበኛ ስትገባ ጣቃውን አውርደው፣ በር ላይ ወጥተው ወደ ብርሃኑ ይዘረጉና እጃቸውን ከጀርባው ይከታሉ። ጣታቸው ከተቆጠረ ጨርቁ ተጠቅልሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። «ይህ ለመጋረጃ ነው የኔ ልጅ፤ ለአንቺ አይሆንሽም» ይላሉ።

ተሰፍቶ ያለቀለት አባያ፣ ያ ሙስሊም ሴቶች ከላይ የሚደርቡት ረጅም ልብስ፣ ዳንግላ ላይ ማግኘት መከራ ነው። ቢገኝም ወይ እጅጌው ያጥራል፣ ወይ ጨርቁ ያሳያል፣ ወይ ከላይ እስከ ታች ብልጭልጭ ተለጥፎበት ለሠርግ ካልሆነ ለሌላ አይለበስም። ስለዚህ ሴቶቹ ስልካቸው ላይ ያገኙትን የቱርክና የዱባይ ፋሽን ይዘው ሲራጅ ዘንድ ይመጣሉ። «ቁርጥ እንዲህ አድርገህ ስፋልኝ። ወገቡን ግን ልቀቀው። አንገቱንም ዝጋው። ይህንን ክፍት ነገር ደግሞ ድፈነው» ይሉታል። የታዘዘውን ሁሉ ሲለቅ፣ ሲዘጋና ሲደፍን ፎቶው ላይ ከነበረው የሚተርፈው ቀለሙ ብቻ ነው። ደንበኛዋ ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም ግን «ፎቶውን ነው የሚመስለው» ትላለች፤ እሱም አይከራከራትም።

ረውዳ መጀመሪያ የመጣችው ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት ነው። የሐጂ ይማም ልጅ ናት። ሐጂ ይማም አስፋልት ዳር ፎቅ ያላቸው፣ ከጫግኒ እስከ ባሕር ዳር እህል የሚያስጭኑ፣ ስማቸው በመስጊዱም በገበያውም የሚከበር ሰው ናቸው። ሲራጅ የሸማኔ ልጅ ነው። የራሴ የሚለው ሱቅ ቀርቶ የራሴ የሚለው በረንዳ እንኳ የለውም።

ባሕር ዳር ሄዳ የገዛችውን ግራጫ አባያ ይዛለት ነበር። እጅጌው አጥሯታል። «ሱቁ ውስጥ መለኪያ ክፍል የላቸውም» አለችው። «በለበስኩት ላይ ደርቤ ስለካው ጓደኛዬ ሻርፕ ይዛ ትጋርደኝ ነበር። እሷ እንዳትስቅብኝ ስቸኩል ክንዴን ሳልዘረጋ ገዝቼው መጣሁ።» ሌላዋ ብትሆን ሻጩን ትረግም ነበር፤ ረውዳ በራሷ ነበር የምትስቀው። ሲራጅ ቀና ብሎ ላለማየት ጨርቁ ላይ እንዳቀረቀረ ሳቀ።

እጅጌውን በተመሳሳይ ጨርቅ ቀጠለላት። መጋጠሚያው እንዳይታወቅ ከላዩ ቀጭን ጥልፍ ጣለበት። «ሌላም አለ» አለች፤ «በግራ በኩል፣ ከውስጥ፣ ማንም የማያየው ኪስ አድርግልኝ። ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳ መጠበቅ ሰለቸኝ።» እንጅባራ ኮሌጅ ትማር ስለነበር በየሳምንቱ ትመላለስ ነበር። ኪሱን ሠራላት።

ከዚያ ወዲህ ከረውዳ ቤት የሚመጣ ልብስ ሁሉ ኪስ ያለው ሆነ፤ ኪሱ ውስጥም ማዘዣ ይኖራል። በመጀመሪያ «ታችኛው ጫፍ በሁለት ጣት ይጠር» የሚል ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከሥሩ «ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» የሚል ተጨመረ። ሲራጅ ለዚያች አንድ መስመር መልስ ለመጻፍ አራት ወረቀት አበላሸ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዳች ሳያጥር፣ ሳይረዝም የሚሄድና የሚመለስ ልብስ በዛ። ታላቅ ወንድሟ ስልኳን እየፈተሸ ያስቸግራት ስለነበር ኪሱ ይሻላቸው ነበር። ደንባቸው ቀላል ነው፤ እሱ የእሷን ያወጣል፣ የራሱን ይከታል። በሁለት ዓመት ውስጥ የላከችው ወረቀት ተመልሶ መጥቶላት አያውቅም።

ያለፈው ሚያዝያ «ሽማግሌ ላክ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም» ብላ ጻፈችለት። «የራሴን ሱቅ ልክፈትና። ከሰው በረንዳ ተነሥቶ የሐጂ ይማምን ልጅ የሚጠይቅ ማን ነው?» ብሎ መለሰላት። ይህን ያስባለው ኩራት ይሁን ፍርሃት ራሱም ለይቶ አላወቀውም። ብቻ ያንን ወረቀት ከከተተ በኋላ ለብዙ ቀን ደስ አላለውም።

*

የረመዳን ሃያ አራተኛው ቀን ሰኞ ዋለ። ወሩ ሰኔ፣ ዓመቱ 2009 ነው። በኢድ ሳምንት ሰፊ መታመም አይችልም፤ «አልደርስም» ቢል የሚሰማውም የለም። የሲራጅ ጠረጴዛ በፌስታል ተሞልቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ጋሪ በረንዳው ፊት ቆመና እትዬ ሐዋ ወረዱ። እትዬ ሐዋ የሐጂ ይማም እህት ናቸው፤ የረውዳ እናት ከሞቱ ጀምሮ ልጅቷን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም ሲራጅ። ሥራ እንደበዛብህ አውቃለሁ፤ ይህንን ግን እምቢ እንዳትለኝ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም እትዬ ሐዋ። እርስዎን እምቢ የማለት አቅም ከየት አመጣለሁ?»

ነጭ ክሬፕ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከላዩም በወረቀት የተጠቀለለ ዳንቴል ጨመሩበት። ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ፎቶ አሳዩት፤ እጅጌው ሰፊ፣ አንገቱ የተዘጋ፣ ወገቡ ላይ ዳንቴል የዞረበት ነጭ ቀሚስ ነው።

«ለኒካህ ነው። ኢድ ባለፈ በሦስተኛው ቀን።»

«ደስ ይበላችሁ። ለማን ነው?»

«ልኩን ይዤልሃለሁ» አሉና ከፌስታሉ ግራጫውን አባያ አወጡ።

ሲራጅ መዘርጋት አላስፈለገውም። እጅጌው ላይ ያለውን ጥልፍ የጣለው እሱ ነው። ልብሱን ተቀብሎ ቆመ፤ ቆሞ መቆየቱ እንዳይታወቅበትም ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መፍታት ጀመረ።

«ልጁ ጫግኒ ካሉት ወዳጆቻችን ወገን ነው» አሉ እትዬ ሐዋ ሳይጠየቁ። «ጅዳ ሠርቶ የመጣ፣ ጨዋ ልጅ።»

«እሷስ ተጠይቃለች?»

እትዬ ሐዋ ቀና ብለው አዩት። «ሳትጠየቅ ይሆናል እንዴ? እኔው ነኝ የጠየቅኋት። ዝም አለች። ልጃገረድ ተጠይቃ ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው፤ ደንቡን አንተም ታውቀዋለህ። ደግሞስ ልኩን ለሲራጅ ውሰጅለት ያለችኝ ራሷ ናት። ያልወደደች ልጅ ሰፊ ትመርጣለች?»

ከሁሉም ይህኛው ቃል ጎዳው። ራሷ ናት የመረጠችኝ አለ በልቡ። ከከተማው ሰፊ ሁሉ የሠርጓን ልብስ እኔ እንድሰፋላት።

አባያውን ዘረጋው። ትከሻውን ለካ፣ ጻፈ። ቁመቱን ለካ፣ ጻፈ። ሜትሩ በግራ በኩል ሲያልፍ ከጨርቁ ሥር ወረቀት ኮሽ አለ። ሲራጅ እጁን አቆመ። ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ያወቀ መሰለው፤ ስንብት ነው። ይቅር በለኝ፣ የአባቴ ነገር ሆኖብኝ ነው፣ አላህ ከእኔ የምትሻል ይስጥህ። ቃል በቃል ታየው። ለሌላ የታጨች ሴት የጻፈችውን ማንበብ ነውር ነው ብሎ ለራሱ ምክንያት ሰጠ፤ እውነቱ ግን ያንን ወረቀት ለመክፈት አቅም አልነበረውም። አባያውን እንደመጣ አጠፈና ለእትዬ ሐዋ መለሰላቸው።

ጋሪው ከሄደ በኋላ እትዬ ይታይሽ ከባንኮኒያቸው ሆነው ሲያዩት ቆዩ።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ? ጾሙ ነው?»

«ጾሙ ነው» አለ።

ሳምንቱን ሙሉ ነጩን ልብስ ሰፋው። አበላሽቶ ሊሰፋው አስቦ ነበር፤ እጁ አልታዘዝ አለው። ዳንቴሉን በእጁ ገጠመው፣ ገበሩን ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሰፋው፣ እጅጌውንም አንዲት ጣት አስረዘመው። ኪስ ግን አልሠራለትም። መርፌው ጨርቁ ውስጥ በገባ በወጣ ቁጥር እየጠላት መሆኑን ለራሱ ይነግር ነበር፤ አንድም ቀን አላመነውም።

*

ቅዳሜ የኢድ ዋዜማ ነበር። ዝናቡ ከረፋድ ጀምሮ አላባራም። እትዬ ሐዋና ረውዳ የነጠላ ያህል በሚሰፋ ላስቲክ ተከናንበው ከጋሪ ወረዱ። ረውዳ የለበሰችው ግራጫውን አባያ ነው። ስትገባ ሲራጅ ቀና አለ። ዓይኗ አብጦ ነበር። እሱን ያየችው አንዴ ብቻ ነው፤ ያች እይታ ግን የሙሽራ እይታ አልነበረችም። ተበድሎ የመጣ ሰው ነው እንዲያ የሚያየው። ሲራጅም በልቡ አንቺ ደግሞ ማን በደለሽ አላት።

የእትዬ ይታይሽ ሱቅ ከጀርባው በመጋረጃ የተከለለች ጠባብ ክፍል አላት፤ ሴቶች የሚለኩት እዚያ ነው። እትዬ ይታይሽ እስፒል በከንፈራቸው ይዘው ልጅቷን ተከትለው ገቡ። እትዬ ሐዋ ደግሞ ከነጩ ልብስ ጋር የሚሄድ ጫማ ሊያዩ ጎን ወዳለው ሱቅ ተሻገሩ። ሲራጅ ከመጋረጃው ወዲህ ፊቱን ወደ መንገዱ መልሶ ተቀመጠ።

«ሲራጅ» አለች ከመጋረጃው ጀርባ።

ፊቱን ሳያዞር ቀና አለ።

«አንድ ነገር ጠይቄህ ልሂድ። ደብዳቤዬን አንብበህ ነው የመለስክልኝ ወይስ ሳታነብ?»

እትዬ ይታይሽ እስፒሉን እንደያዙ እጃቸው ቆመ።

«ሳላነብ» አለ ሲራጅ። «ለሌላ ከታጨሽ በኋላ የጻፍሽውን ለምን አነባለሁ? ስንብት መሰለኝ። የአንቺን ስንብት በጽሑፍ ማየት አልፈለግሁም።»

«ታጭታለች ያለህ ማን ነው?»

«አክስትሽ። ተጠይቃ ዝም ብላለች አሉኝ።»

መጋረጃውን ከውስጥ ጨብጣ ያዘችው።

«እኔ ሰኞ ዕለት ያልኩት እስከ ሐሙስ ጊዜ ስጡኝ ነው» አለች ረውዳ። «ልኩን ለሲራጅ ውሰጅ ያልኩትም ደብዳቤው እንዲደርስህ ነው፤ ሌላ በምን ልላክልህ? የዚያኑ ዕለት ማታ ኪሱ ውስጥ እጄን ስከት የራሴን ወረቀት አገኘሁ። እንደላክሁት፣ እንደታጠፈ። አንብቦ መለሰልኝ፣ አልፈልግሽም ማለቱ ነው አልኩ። ሐሙስ አክስቴ መጥታ ስትጠይቀኝ አፌን መክፈት አቃተኝ። እሺ ማለቴ አልነበረም ሲራጅ። ከተናገርኩ አለቅሳለሁ ብዬ ነው።»

ሲራጅ ከመቀመጫው ተነሣ። እጁን ወደ መጋረጃው ዘረጋ፣ ሳይነካው መለሰው። ሰኞ ዕለት ሁለት ጣቱን ከጨርቁ ሥር ቢከት ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። የሰው ልብስ በታማኝነት አጥፌ እመልሳለሁ ብሎ ሲኮራ የኖረ ሰው፣ አንዱን ልብስ አጥፎ በመመለሱ ልቡ ተሰበረ።

«ሐጂ ቃል ሰጥተዋል?» አለ በመጨረሻ።

«ሐሙስ ደውሎ ሰጥቷል። የጫግኒ ሰዎች ነገ ለኢድ ይመጣሉ።»

በዚህ መካከል እትዬ ሐዋ ጫማቸውን በካርቶን ይዘው ተመለሱ። ሲራጅ ቆሞ፣ ጉንጩ ረጥቦ አዩት። እትዬ ይታይሽ መጋረጃውን ገለጡ። ረውዳ ነጩን ልብስ ለብሳ፣ ሂጃቧን አስተካክላ ወጣች።

ሲራጅ ልኳን በደብተር ሲያውቅ ኖሯል፤ የሰፋላትን አዲስ ልብስ ለብሳ ፊቱ ስትቆም ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ለሌላ ሰው መሆኑን ሁሉ ረስቶ አያት።

«ማሻአላህ» አሉ እትዬ ሐዋ። «ልክሽ ነው? አይጠብሽም?»

ረውዳ እጅጌዎቿን አየች። እትዬ ሐዋ መልሱን ሲጠብቁ ቆዩ፤ ልጅቷ እንደ ሐሙሱ ዝም ያለች መሰላቸው።

«ልኬ ነው አክስቴ» አለች። «የሚነቀፍ ነገር የለውም። ሰውየውን ግን አላገባም።»

«ምን አልሽ?»

«ሐሙስ ዝም ያልኩት ፈቅጄ አይደለም። ያን ጊዜ መናገር አቅቶኝ ነው። አሁን እየተናገርኩ ነው።»

እትዬ ሐዋ ወደ ሲራጅ ዞሩ። «በዚህ ልጅ ነው?»

«በእኔ ነው እትዬ ሐዋ» አለ። «ሚያዝያ ላይ ሽማግሌ ላክ ብላኝ ነበር። ፈርቼ ቀረሁ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።»

«የበረንዳ ሰፊ» አሉ እትዬ ሐዋ፤ ስድብ ለማድረግ አስበው ነበር፣ ድምፃቸው ግን አልሆነላቸውም። «ወንድሜ ቃሉን ሰጥቷል። ነገ ከሶላት ሲወጣ የእነዚያን ሰዎች ፊት እንዴት አድርጎ ያያል? ስሙ በአንድ ቀን አፈር ሊበላ ነው እኮ።»

እትዬ ሐዋ የእትዬ ይታይሽ ዱካ ላይ ተቀመጡ። የነጩን ልብስ ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው እንደሚገዛ ሰው ሲያሹት ቆዩ።

«እኔም ነጭ ነው የለበስኩት» አሉ ማንንም ሳያዩ። «እኔንም ጠየቁኝ፣ ዝም አልኩ። አባቴ ዝም ብላለች ብለው ሲያወሩ በር ጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር። አንድ ሰው ተመልሶ ቢጠይቀኝ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጠየቁኝም።» ጨርቁን ለቀቁት። «ሐሙስ ዕለት ዓይንሽ ማበጡን አይቻለሁ ረውዳ። ጾሙ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰኞም ጊዜ ስጡኝ ማለትሽን ነው ለዚህ ልጅ ዝም አለች ብዬ ያወራሁት።»

«ለአባዬ ንገሪልኝ።»

«አልነግርም። ዝም ማለትሽን እኔ ነኝ ያደረስኩት፤ ይህንን ግን ራስሽ ትነግሪዋለሽ። አጠገብሽ እቆማለሁ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባልሽም፤ ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ ሁለታችንንም ሊያባርረን ይችላል።» ተነሥተው ላስቲካቸውን ለበሱ። «አንተም ሽማግሌ ካለህ ዛሬውኑ ነው። ነገ የመጣ እንደሆነ ሠርግ ሊያፈርስ መጣ ነው የሚባለው።»

ረውዳ ግራጫውን መልሳ ለብሳ ወጣች። ነጩን ልብስ እትዬ ይታይሽ እንደያዙት ቀሩ፤ ይዛው ልትሄድ አልጠየቀችም። የሲራጅ መኪና አጠገብ ስትደርስ እጇን ወደ ግራ ጎኗ ከተተችና የታጠፈች ወረቀት አወጣች። በእጁ ልትሰጠው አልደፈረችም፤ መኪናው ላይ አኖረችለት። አባቷ ፊት ልትቆም የምትሄድ ልጅ ናት። ሲራጅ በርቺ ሊላት ፈለገ፤ እሱ ያልበረታበትን ነገር እሷን በርቺ ማለት አሳፈረው።

ጋሪው ጭቃውን እየረጨ ሄደ። ሲራጅ ወረቀቱን ከፈተው።

«ሲራጅ፣ ለጫግኒ ሰው ሊሰጡኝ ነው። እስከ ሐሙስ ጊዜ አለኝ። ሽማግሌ ላክ ብዬ አልደግምብህም፤ መፍራትህን አውቃለሁ፣ አልቀየምህም። ሱቅም አያስፈልግህ። ጠብቂኝ የምትል አንዲት ቃል ኪሱ ውስጥ ካገኘሁ እምቢ እላለሁ፤ የአባቴን ቁጣ ብቻዬን እችለዋለሁ። አንዲት ቃል ብቻ። ረውዳ።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ልክ የሚጽፍበትን እርሳስ ከጆሮው ላይ አወረደና ከስሟ ሥር «ጠብቂኝ» ብሎ ጻፈ። የሚከትበት ኪስ ግን ከእሷ ጋር በዝናቡ ውስጥ እየሄደ ነበር።

«ሽማግሌ የሚሆኑህ ሸኻችሁ ቤታቸው ናቸው?» አሉ እትዬ ይታይሽ።

«መስጊድ ናቸው። ዐስር ሊሰገድ ነው።»

«እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቢያንስ ይህንን ጃንጥላ ያዝ።»

ጃንጥላውን አልተቀበላቸውም። ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ሳያወርድ ወደ ጭቃው ወረደ። ሁለት ዓመት ሙሉ በኪስ ሲነጋገር የኖረ ሰው ሸኹ ፊት ቆሞ በአፉ ምን ብሎ እንደሚጀምር አያውቅም ነበር። ሐጂ ይማም አሁን ምን እያሏት እንደሆነም አያውቅም። ፈርቷል። በሚያዝያ ከፈራው ይልቅ ዛሬ ነው የባሰ የፈራው፤ እየፈራ ሄደ።